ጋሼ፣ ይቺ ኒፕል ወደ ታች ናት

ሰሞኑን የገጠመኝን ልጻፍላችሁ። ብዙም የሚያኮራ አይደለም።

አንድ ደንበኛ ቪትዝ ይዞ አዳማ ወዳለው ጋራዣችን መጣ። ከአሰላ ሲወርድ አንዱ የፊት ጎማ ፍሬን ይዞ አልለቅ ብሎት፣ ኢተያን እንዳለፈ የቃጠሎ ሽታ ሸቶት፣ ቆም እያለ እያበረደ ነው የደረሰው። የካሊፐሩ፣ ማለትም ጎማው ጋ ሆኖ የፍሬኑን ዲስክ ጨምቆ የሚይዘው ክፍል፣ ፒስተን ዝጓል። ዘይቱም ጥቁር ቡና መስሏል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፣ እርጥበት ከጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል፤ ከአሰላ ቁልቁለት ጋር ደግሞ አስቡት።

ሁለቱንም የፊት ካሊፐር ፈታን፣ አጠብን፣ ጎሚኒ ቀየርን፣ መልሰን ገጠምን። የቀረው አየር ማስወጣት ብቻ። ቀላሉ ሥራ!

ለማታውቁት፦ አንዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ይረግጥና ይይዛል፣ ሌላው ታች ሆኖ የአየር ማስወጫዋን ኒፕል ላላ ያደርጋል፣ ዘይቱ ከነአረፋው በቱቦ ወደ ጠርሙስ ይወርዳል፣ ኒፕሏ ሳትጠብቅ ፔዳሉን የያዘው ሰው እግሩን ካነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ዘይት አይጨመቅም። አየር ይጨመቃል። ትንሽ አረፋ ከቀረች እግርህ አረፋዋን ሲጨምቅ ይውላል እንጂ ፍሬኑ አይዝም።

"ያዝ!" "ያዝኩ!" "ልቀቅ!" እያልን ከቀኝ የኋላ ጀምረን አራቱንም ዞርን። አረፋው ቆመ፣ ንጹህ ዘይት ብቻ ይወርዳል። ፔዳሉ ግን ስፖንጅ ነው። ደጋግመህ ስትረግጠው ከፍ ይላል፣ ትንሽ ቆይተህ ስትረግጠው ይሰምጣል። ደገምነው። አንዱ ጠርሙስ ዘይት አለቀ፣ ሌላ ተገዛ። ያው ነው።

ሰዓቱ ስምንት ሆኗል። የአዳማን የስምንት ሰዓት ቆርቆሮ ቤት የሚያውቅ ያውቀዋል። ፔዳሉን የሚረግጠው ረዳቴ ልጅ ላይ ጮህኩበት።

"ሳልነግርህ እግርህን እያነሳህ ነው!"

"ኧረ ጋሼ፣ አላነሳሁም።"

አላመንኩትም። አስወርጄው ሌላ ሰው አስገባሁ። ምንም ለውጥ የለም። ልጁ ፊት ጎማው ጋ ቁጢጥ ብሎ ቆይቶ፣ "ጋሼ፣ ይቺ ኒፕል ወደ ታች ናት፤ የዚያኛዋ መኪና ግን ወደ ላይ ናት" አለኝ። እኔ ምን ብለው ጥሩ ነው? "አርፈህ ጎማውን እጠብ።"

ለባለመኪናው ደወልኩና ማስተሩ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ዋናው ፓምፕ፣ ሳይበላሽ አልቀረም አልኩት። ሰውየው ምስኪን ነው፣ ልግዛ አለ። ስልኩን ስዘጋ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ማስተር ውስጡን ዘይት ሲያሳልፍ ፔዳሉን ረግጠህ ብትይዘው ቀስ እያለ ይወርዳል። ይሄኛው አይወርድም፤ ይለሰልሳል እንጂ ባለበት ይቆማል። ሰውየውን ገንዘብ ከማስወጣቴ በፊት የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸውን የላስቲክ ቱቦዎች እንዳይጎዱ በጨርቅ ጠቅልዬ በሚቆለፍ ፒንሳ ያዝኳቸው። የኋላዎቹን ስይዝ ለውጥ የለም። ሁለቱን የፊት ቱቦዎች ስይዝ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ችግሩ ከፊት ነው ማለት ነው።

ካርቶን አንጥፌ ከታች ገባሁ። ኒፕሏ ካሊፐሩ ሥር ቁልቁል ተንጠልጥላለች። የግራውን ቀኝ፣ የቀኙን ግራ ገጥሜዋለሁ። በእጄ! አየር ወደ ላይ ነው የሚሸሸው፤ ካሊፐሩ አናት ላይ ተጠራቅሞ ተቀምጧል፣ እኛ ከታች ንጹህ ዘይት እንቀዳለን። ጀሪካን ሙሉ ብናፈስበት እንኳ ያው ነበር።

ፈታን፣ አቀያይረን ገጠምን፣ ኒፕሏን እንደገና ከፈትን። ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ፤ ያ ሁሉ አረፋ የት ነበር ያሰኛል። ሁለት ዙር በቃው። ፔዳሉ ገና ከላይ ጠንከር አለ። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ሞከርኩት፣ ከዚያ በሶደሬ መንገድ ቀስ ብዬ ወጥቼ ያዝ ለቀቅ አደረግሁት። ቀጥ ብላ ትቆማለች።

ባለመኪናው አመሻሽ ላይ መጣ። "ማስተሩ ነበር አይደል?" አለኝ። አዎ ብለው ማን ያውቅብኛል? ልጁ ግን አጠገባችን ቆሟል። "አይ፣ ማስተሩ ደህና ነው። እኔ ነኝ ካሊፐሩን አቀያይሬ የገጠምኩት" አልኩና የሁለተኛውን ዘይት ሂሳብ ከራሴ ቻልኩ።

መኪናዋ ከወጣች በኋላ ልጁን ጠራሁት። "ማሙሽ፣ ልክ ነበርክ።"

ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚባል የለም። "ጎማውም ታጥቧል፣ ጋሼ።"