ገደልሽው

ፊልም በድምፅ ወደ አማርኛ በምንመልስበት ስቱዲዮ ተርጓሚ ሳለሁ የገጠመኝ ነው። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ፊልሙ የቱርክ ነው፤ የወንጀል። ገዳይዋ ሴት መሆኗ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። ቱርክኛ ይህን ያለ ችግር ይደብቃል፤ ተውላጠ ስሙም ግሱም ወንድና ሴት አይለይም። መሃል ላይ መርማሪው ድምፁን በመሣሪያ ከለወጠ ሰው ጋር በስልክ ያወራል። "ለምን ገደልከው?" ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። "ለምን ገደልሽው?" ብል ፊልሙ እዚያው አለቀ። ሁለት ቀን ካወጣሁ ካወረድኩ በኋላ በአንቱታ አደረግኩት፤ "ለምን ገደሉት?"

አራሚያችን "ገደልሽው" ብለው መለሱልኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ ለምን ተቀየረ?"

"ነፍሰ ገዳይን አንቱ የሚል መርማሪ የት አይተሃል?"

"ሴት መሆኗ ገና አይታወቅማ።"

"ሴት አይደለችም እንዴ?"

"ናት።"

"ታዲያ! አንተ ብለን ተመልካቹን እንዋሸው?"

"መርማሪው ራሱ አያውቅም እኮ ጋሼ!"

"እኛ እናውቃለን" አሉና ወረቀቱን ፈረሙበት።

ስለ መዋሸቱ እውነታቸውን ነው። የእንዲህ ያለ ፊልም ጣዕሙ ሳይዋሽ መደበቁ ነው። መጨረሻው ሲገለጥ ተመልካቹ በሐሳቡ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁሉም ነገር ዓይኑ ሥር እንደነበር ያያል። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የፈረንሳዩ "ሌ ዲያቦሊክ" ሲያልቅ፣ ያያችሁትን ለወዳጆቻችሁ አትናገሩ የሚል ጽሑፍ ያሳያል። ሂችኮክም በ1960 "ሳይኮ"ን ሲያወጣ፣ መጨረሻውን ለሌላ ሰው እንዳትናገሩ ሲል ተመልካቹን ለምኗል። እነሱ የፈሩት የሰው አፍ ነበር። እኛ ጋ አንዲት "ሽ" ትበቃለች።

"ሟች ምን በደለ?" ብል ኖሮ ያልፍ ነበር። ይህ የመጣልኝ ግን ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ ነው።

የመርማሪውን ድምፅ የሚሠራው ልጅ ሙሉውን ጽሑፍ አላነበበም ነበር። በየእረፍቱ ሻይ ይዞልኝ እየመጣ "ገዳዩ ማነው? እባክህ ንገረኝ" ይለኛል። እኔም እምቢ እላለሁ። ያቺ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ማዳመጫውን አወለቀ። በመስታወቱ አሻግሮ አየኝ።

"ሴት ናት እንዴ?"

ዝም አልኩት። መስመሯን አነበበና ቀጠለ። ፊልሙን ለመጨረስ አራት ቀን ፈጅቶብናል። ሻዩን እንደወትሮው ያመጣልኝ ነበር፤ ስለ ገዳዩ ግን አንዴም አልጠየቀኝም።