የሜሶኒዬን «1814» በልኩ ስቀዳ

ባለፈው ክረምት ፓሪስ ውስጥ በምኖርበት ጠባብ ክፍል የ19ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳዊ ሠዓሊ የኤርነስት ሜሶኒዬን «1814፣ የፈረንሳይ ዘመቻ» የተባለ የዘይት ቀለም ሥዕል በራሱ ልክ፣ 51.5 በ76.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጣውላ ላይ ቀድቼ ነበር። በሦስት ሳምንት እጨርሰዋለሁ ብዬ የጀመርሁት ሥራ አራት ወር ገደማ ፈጀብኝ። ሥዕሉን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግድግዳ የሚሞላ ይመስለዋል፤ ኦርሴ ሙዚየም ሄዶ ፊት ለፊቱ ሲቆም ግን በብብት ሊያዝ የሚችል መሆኑን ያያል። ሙዚየሙ ሐሙስ ሐሙስ ስለሚያመሽ ከሥራ በኋላ እርሳስና ደብተር ይዤ እሄዳለሁ፣ የቀለሞቹን ጠባይ በቃላት እመዘግባለሁ፣ ቤት ተመልሼም ያንኑ እያነበብሁ እቀባለሁ።

ሠዓሊውን የመረጥሁት ወድጄው አልነበረም። ሥዕል በተማርሁበት ጊዜ ስሙ የሚነሣው፣ አንድ አዝራር የማይስት ነገር ግን ልብ የሌለው የአካዳሚ ሰው ተብሎ ነበር፤ እኔም እጄን ለማፍታታት ያህል ይበቃኛል ብዬ ነው የጀመርሁት። የሥዕሉን ታሪክ እንኳ አሳስቼ ነበር የማውቀው። እንደ ብዙዎቹ ተመልካቾች ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1812 ከሩሲያ ሲያፈገፍግ መስሎኝ ኖሯል። የሚታየው ግን እ.ኤ.አ. የ1814 ዘመቻ ነው፦ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ አገሩ ምድር፣ ዙፋኑን ሊለቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ኔይንና በርቲዬን የመሳሰሉ ማርሻሎቹን አስከትሎ ከባድ ዳመና ባጠላበት ሜዳ ላይ በዝግታ ይጓዛል። ጠላት የለም፣ ጭስ የለም፣ የወደቀ ሰው የለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ የሚወርድበትን፣ ሁለቱ ጦር ፊት ለፊት የሚጋጠምበትን የዓድዋ ሥዕል እያየ ላደገ ሰው ይህ ጦርነት የሌለበት የጦር ሥዕል በመጀመሪያ ባዶ ይመስላል።

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት በረዶው ላይ ነው። በረዶ ነጭ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቲታኒየም ነጭ ስቀባ ሰነበትሁ። ጣውላውን ከግድግዳ አስደግፌ ራቅ ብዬ ሳየው የተዘረጋ አንሶላ መሰለኝ፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ የናፖሊዮን ነጭ ፈረስ ከመሬቱ ጋር ተመሳስሎ መጥፋቱ ነበር። በቀጣዩ ሐሙስ ደብተሬን ዘግቼ መሬቱን ብቻ ግማሽ ሰዓት ያህል አየሁ። የጋሪ ጎማና የፈረስ ኮቴ ያቦካው፣ ከጭቃ ጋር የተላቆጠ፣ ቡናማና አመድማ መሬት ነው፤ ንጹሕ ነጭ የሚባል ነገር ከተገኘም በጣም ጥቂት ነው። ሠዓሊው መሬቱን ያጨቀየው ፈረሱ እንዲታይ ነው። ቤት ገብቼ ሁለት ሳምንት የቀባሁትን በቢላዋ ፋቅሁት።

ሜሶኒዬ ይህን ጭቃ ከአሳቡ አላመጣውም። ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው ፕዋሲ በነበረው ግቢው በረዶ እስኪጥል ጠብቆ፣ ሰዎችና ጋሪ እያመላለሰ መሬቱን አስረግጦ ነበር ያጠናው። የናፖሊዮንን ግራጫ ካፖርትም ተውሶ ልብስ ሰፊ ዘንድ በትክክል አስቀድቶታል። ይህን ሳነብ ፈገግ ብዬ ነበር፤ የካፖርቱ እጥፋት አልወጣ ሲለኝ ግን የጓደኛዬን ረጅም ካፖርት ለብሼ በተገለበጠ ወንበር ላይ እንደ ኮርቻ ተቀምጬ በመስታወት ራሴን ሳይ አመሸሁ። ለካ ጨርቁ ከወገብ በታች የሚከፈተው እኔ እንደገመትሁት ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን በጭን ላይ ተዘርግቶ ነው። ግራጫውንም ከጥቁርና ከነጭ መቀላቀሌን ትቼ ጥቂት ኦምበር፣ ማለት ቡናማ የአፈር ቀለም፣ ስጨምርበት ሕይወት ዘራ።

ሜሶኒዬ ግን እንደ እኔ ጦርነትን በመስታወት ብቻ አላየውም። እ.ኤ.አ. በ1848 በብሔራዊ ዘብ የመድፈኛ መኮንን ሆኖ በፓሪስ መንገድ ላይ የወደቁትን አይቶ «ባሪኬድ» (የጎዳና ምሽግ) የተባለውን ሥዕል ሣለ፤ በ1859 ደግሞ የሦስተኛውን ናፖሊዮን ጦር ተከትሎ ወደ ጣሊያን፣ ወደ ሶልፌሪኖ ጦር ሜዳ ዘመተ። ከዚያ በፊት ስሙን ያወጡለት ፒፓ የሚያጨሱና መጽሐፍ የሚያነቡ ሰዎች የሚታዩባቸው ትናንሽ ሥዕሎች ነበሩ። «1814»ን እ.ኤ.አ. በ1890 የሱቅ ባለጸጋው አልፍሬድ ሾሻር በ850,000 ፍራንክ ገዛው። በዓመቱ ሠዓሊው ሞተ፤ ዝናው ብዙም ሳይቆይ ወደቀ።

ፈረሶቹን ስቀዳ የተማርሁት ግን ከስኬቱ ይልቅ ከመሳቱ ነው። ሜሶኒዬ የፈረስን ግልቢያ ለማጥናት ግቢው ውስጥ ሐዲድ አስነጥፎ፣ በትንሽ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ከሚጋልበው ፈረስ ጎን ለጎን እየተነዳ እግሮቹን ይነድፍ ነበር። ይህን ሁሉ ደክሞ፣ ዛሬ ኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘውን «ፍሪድላንድ፣ 1807»ን ከጨረሰ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፎቶግራፍ አንሺው የኤድዋርድ ማይብሪጅ ፎቶግራፎች ወጡ፤ የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮቹ ከመሬት የሚለቁት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተዘርግተው ሳይሆን ከሆዱ ሥር ተሰብስበው መሆኑን አሳዩ። እሱም አላኮረፈም፤ እ.ኤ.አ. በ1881 ማይብሪጅን ቤቱ ጋብዞ ፎቶግራፎቹን ለባልንጀሮቹ አሳየ። እኔ ግን በስሕተቴ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ችክ ብዬ ነበር።

ቅጂው አሁን መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ከሩቅ የሚጓዙትን እግረኞች አንድ በአንድ ልሥላቸው ሞክሬ ስላበላሸኋቸው ሁለት ጊዜ አደብዝዣቸዋለሁ። ከኋላ ያለ የአንድ ፈረስ እግር ደግሞ እስካሁን መሬት አልረገጠም፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ለሐሙስ ደብተሬን አዘጋጅቻለሁ።