ከአማቴ የተወሰደች አንድ ሰዓት

ቦስተን የሚኖር አበሻ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣበት የሚያሳየው ነገር ቶሎ ያልቅበታል። ባሕሩን አሳየን፣ ሃርቫርድን አሳየን፤ አማቴ ሁለቱንም «ደግ ነው» ብለው አለፏቸው። መስከረም ሲያልቅ ግን የኒው ሃምፕሻየር ተራሮች ደመራ የተለኮሰባቸው ይመስላሉ። ስለዚህ ባለቤቴ፣ ልጃችን፣ አማቴና ከእርሳቸው ጋር ከአዲስ አበባ የመጡት የባለቤቴ አጎት፣ ጋሼ፣ በአሮጌዋ መኪናዬ ተጭነን ወደ ሰሜን ወጣን።

አማቴ ቡና በወረቀት ኩባያ አይጠጡም። አንድ ፔርሙዝ ቡናና ሲኒዎቻቸውን በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። መንገድ ዳር ካለ ማረፊያ ቆምን፤ ጠረጴዛው ሁሉ ተይዞ ስለነበር አቧራ የለበሰው የመኪናዋ የኋላ ክዳን ረከቦት ሆኖ አገለገለ። ጋሼ ደግሞ «ቡና ያለ ቄጠማ ምኑ ቡና ነው?» ብለው ወደ አጥሩ ሥር ወረዱና እሳት የመሰለ ቀይ ቅጠል በእቅፋቸው ሙሉ ለቅመው መጡ። መሬቱ ላይ ጎዘጎዙት፣ ቡናቸውን ጠጡ፣ ከዚያም እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ መጸዳጃ ቤት ገቡ። አንባቢ ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ይያዝልኝ።

ሊንከን የምትባል ትንሽ ከተማ ስንደርስ ሩት 3 በሚባለው መንገድ ዳር አረንጓዴ ሰሌዳ ቆሟል። ክፍለ ግዛቱ በ2011 ያቆመው የታሪክ ምልክት ነው፤ የሚናገረውም ቤቲና ባርኒ ሂል ስለተባሉ ባልና ሚስት ነው። ባለቤቴ አንብበህ ተርጉምላቸው አለችኝ። (ኋላ «አንተ ነህ ያስፈራራሃቸው» ስትል ይህን ረስታዋለች።) እኔም ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ ጀመርኩ። በመስከረም 1961 በፈረንጆች አቆጣጠር ከካናዳ ወደ ፖርትስማውዝ በሌሊት ሲመለሱ አንድ ብርሃን ተከተላቸው። ባርኒ መኪናውን አቁሞ በባይኖኩላር ሲመለከት ብርሃኑ ካለበት በራሪ ነገር መስኮት የሚያዩት ፍጡራን አየ፤ «ሊይዙን ነው!» እያለ እየጮኸ ወደ ሚስቱና ወደ ውሻቸው ሮጠ። ቤታቸው የደረሱት ሊነጋ ሲል ነው። ሁለት ሰዓት ያህል የት እንዳደረጉት አያውቁም። የእጅ ሰዓታቸው ቆሟል፣ የባርኒ ጫማ ተፋፍቋል፣ የቤቲ ቀሚስ ተቀዷል፣ መኪናው የኋላ ክዳን ላይ ኮምፓስ የሚያስበረግጉ የሚያብረቀርቁ ክቦች ታይተዋል። ባርኒ ጨጓራው ታመመ፣ ብሽሽቱ ዙሪያ ክብ ሠርቶ የቆዳ ኪንታሮት ወጣበት። በኋላ በሂፕኖሲስ፣ ማለትም ሐኪም እንቅልፍ በሚመስል ሰመመን ውስጥ አስገብቷቸው፣ ሲጠየቁ በፍጡራኑ ተይዘው እንደተመረመሩ፣ ቤቲም እምብርቷ ላይ ረጅም መርፌ እንደተወጋች ተናገሩ።

አማቴን ከመርፌው ይልቅ የገረማቸው ባርኒ ጥቁር፣ ቤቲ ነጭ መሆናቸው ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ጋብቻ በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች በሕግ የተከለከለ እንደነበር ስነግራቸው፣ «ታዲያ የሚያስፈራቸውን ፍለጋ ሰማይ ድረስ ምን አስኬዳቸው?» አሉ። ጋሼ ግን ዝም ብለዋል። ጋሼ ዝም ሲሉ ነገር አለ።

ስንመለስ መሽቷል። ፍራንኮኒያ ኖች የሚባለው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ፣ በካነን ተራራ አናት በኩል አንድ ብርሃን ብቅ አለ። መንገዱ ሲጠማዘዝ ከዛፎቹ ጀርባ ይጠፋል፣ ደግሞ በሌላ ጎን ይወጣል። ጋሼ «ቆመ» አሉ። ከዚያ «ተከተለን» አሉ። አማቴ ወደ ቅዱስ ሚካኤል ተሳሉ። በዚህ መሐል ልጄ የመኪናዋንና የአያቱን ሰዓት አነጻጽሮ «አያቴ፣ የእርስዎ 9 ይላል፤ የመኪናው 8 ነው» አለ።

መኪናው ውስጥ የተነሣውን ጩኸት መጻፍ አልችልም። ሰዓት ጠፍቶብናል! አማቴ ክንዳቸውን፣ ቀጥሎ እምብርታቸውን ዳሰሱ። ጋሼ «ንዳ! ወደ ኋላ እንዳታይ!» ይሉኛል፤ ወደ ኋላ ሳላይ እንዴት እንደምነዳ ግን አልነገሩኝም።

በነጋታው ውጤቱ መታየት ጀመረ። የመኪናዋ ክዳን አቧራ ላይ እኩል እኩል የሆኑ ክቦች ተገኙ። ጋሼ የስልካቸውን ኮምፓስ ቢያስቀምጡበት መርፌው ዞረ። ወዲያው ጋሼን ያሳክካቸው ጀመር፤ መጀመሪያ እጃቸውን፣ ቀጥሎ የት እንደሆነ ለማንም ሊናገሩ ያልፈቀዱትን ቦታ። ባርኒን አስታውሰው ፊታቸው ተለወጠ። አማቴ በተቃራኒው ለዓመታት ያሠቃያቸው ጉልበት ለቀቅ አላቸው። በመጀመሪያው ስልክ ለአዲስ አበባ ዘመዶች «አንድ ብርሃን አየን» ብለው ነበር፤ በቀጣዩ ብርሃኑ መስኮት አበጀ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ከመስኮቱ ውስጥ አንዱ እጁን አውለብልቦላቸዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው መኪናዬን ከቦ ሲያይ፣ አንዲት እናት ጠበል ረጩባት፤ ክቦቹም ወደ ጭቃነት ተለወጡ።

እኔ ደግሞ ሲኒዎቹን አምጥቼ ከቀሩት ክቦች ላይ አስቀመጥኳቸው። ልክክ አሉ። ኮምፓሱን በጎረቤታችን መኪና ላይ ሞከርኩት፤ ብረት ነውና ያም አዞረው። ጎረቤታችን በሩን ከፍቶ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከሌላ ዓለም ፍጡራን ጋር መገናኘታችንን እያጣራሁ ነው አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታው ቀዝቅዟል።

ጋሼን ያየችው ሐኪም ብዙ አልፈጀባትም። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅል፣ በመጸው የሚቀላ ቅጠል ነክተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ፖይዝን አይቪ ይባላል፤ ቅባቱ እጅ ላይ ከተጣበቀ እጅ የነካውን ሁሉ ያሳክካል። እጅ የነካውን ሁሉ። ጋሼ መድኃኒታቸውን ተቀብለው ሲወጡ፣ «ቅጠሉን እዚያ ማን ተከለው?» አሉኝ።

አማቴን ማሳመን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የሂል ባልና ሚስትን በ1964 ያከመው የቦስተኑ ሐኪም ቤንጃሚን ሳይመን ራሱ የፍጡራኑ ምርመራ የቤቲ ሕልም ነው፣ ባርኒም ስትናገር ሰምቶ የራሱ አድርጎታል ብሎ እንደደመደመ ነገርኳቸው። ብርሃኑም የካነን ተራራ ማማ መብራት ነው፣ የሚንቀሳቀስ የሚመስለው መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ነው የሚል የአካባቢው ሰው እንዳለ ጨመርኩ። «ሐኪሙ እዚያ ነበር?» አሉኝ። አልነበረም። «አየህ!»

ሰዓታቸውን ግን በወረቀት አስልቼ አሳየኋቸው። ለዘመዶቻቸው ስልክ መደወያ እንዲሆናቸው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ ያውም በእኛው አቆጣጠር ትተውታል። አዲስ አበባ ከቦስተን በሰባት ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ደግሞ ከፈረንጅ ስድስት ሰዓት ዝቅ አድርገን እንቆጥራለን። ሰባት ሲቀነስ ስድስት፣ አንድ። ከመጡ ጀምሮ ሰዓታቸው ከግድግዳው በአንድ ሰዓት ይቀድም ነበር፤ የተወሰደ ነገር የለም። አማቴ ወረቀቱን ደጋግመው አዩትና እንደ መስማማት አሉ። «እንግዲህ ሁልጊዜ አንድ ከሆነ፣ ይሁን።»

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አሜሪካ እንደ ዓመት ልማዷ በሌሊት ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች። እሑድ ጠዋት አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ የግድግዳው ሰዓት 7፣ የእርሳቸው 9 ይላል። ሁለት ሰዓት፤ ልክ እንደ ቤቲና ባርኒ።

«ተኝተን ሳለን መጥተዋል!» አሉ።

አፌን ሳልከፍት ጋሼ ጫማቸውን ሳያስሩ ስልካቸውን ይዘው ወደ መኪናዋ ሮጡ። ጎረቤታችንም ያያቸው መሰለኝ፤ የጋራዡን በር ሲዘጋ ሰማሁ።