ወይባ በፎቅ ቤት፦ ጭሱ ውጭ፣ ሽታው ቅባት ውስጥ

በትግራይና በወሎ ሙሽራም አራስም ወይባ ትሞቃለች። መሬቱ ይቆፈራል፣ ፍም ይገባበታል፣ ወይባ የሚባለው ዛፍ ፍልጥ ከላይ ይደረጋል፤ ሴትዮዋ ብርድ ልብስ ተከናንባ ጭሱ ላይ ትቀመጣለች። ላቧ ይወርዳል፣ ሽታው ገላዋ ላይ ይሰነብታል።

ይህንን ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ባለ ፎቅ ቤት እንዳለ መድገም ግን አደጋ ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያው መጮሁ ቀላሉ ነው። የሚገድለው ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ መስኮት መክፈት ብቻውን አያድንም። ስለዚህ ቅባት ሽቶ መሥራት ይሻላል።

ዘዴው ከወተት ዕቃ የተወሰደ ነው። ቅሉ በወይራ ሲታጠን ወተቱ ሽታውን ይወስዳል፤ ዘይትም እንዲሁ ጭስ ይይዛል። ከሰል ማቀጣጠል በሚፈቀድበት ግቢ፣ አፉ ሰፊ የሆነ ደረቅ የብረት ጣሳ በሚጨሰው ወይባ ላይ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ድፉ። ብርጭቆ በሙቀት ይሰነጠቃል። ጭሱ ስስ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት የሚያወጣው ወፍራም ጭስ ዘይቱን መራራና ጥላሸት ጥላሸት የሚል ያደርገዋል። ጣሳው ውስጥም ውሃ አይቅር። ወዲያው ጆጆባ ከሚባለው ተክል ፍሬ የሚወጣ ዘይት 50 ሚሊ ሊትር ጨምሩበት፣ ክደኑት፣ ነቅንቁት፣ ይደር። ዘይቱን ወደ ሌላ ዕቃ እየገለበጣችሁ ጣሳውን ሦስት ቀን እየደጋገማችሁ አጥኑት፤ የአንድ ቀን ጭስ ቶሎ ይጠፋል። የወይራ ዘይት አይሆንም፤ የራሱ ሽታ ይጫነዋል። ለጋ ቅቤ ሽታ በመያዝ ማንም አይወዳደረውም፣ ግን ይበላሻል።

ፀጉር የሚቀባው ቅቤ ውስጥ የሚገባው አደስ እዚህም ቦታ አለው። 5 ግራም ደረቅ ቅጠል ወቅጣችሁ ከታጠነው ዘይት ጋር በሙቅ ውሃ ላይ ሁለት ሰዓት አቆዩትና በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉ። ውሃው አይፍላ። እርጥብ ቅጠል ከገባ ዘይቱ ይሻግታል።

እጣንና ከርቤን ፈጭቶ ዘይት ውስጥ መጨመር ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። ሙጫው ውስጥ በዘይት የማይሟሟ ክፍል ስላለ ከሥር ይዘቅጣል፣ ሲቀቡትም እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ይልቅ ከእነሱ ተጣርቶ የሚሸጠውን ዘይት (ኢሴንሻል ኦይል) ካጠለላችሁት ዘይት ላይ በጠብታ ጨምሩ፦ እጣን 14፣ ከርቤ 6። ከርቤ ከዚያ ከበዛ ሁሉንም ያጠፋና መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። እርጉዝ ሴት ከርቤውን ትተወው።

በጥቁር ጠርሙስ፣ ከብርሃን ርቆ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ላይ ጭሱ ብቻ ነው የሚሸተው፣ አደሱ የሚወጣው ቆይቶ ነው። በክንድ ውስጠኛ ክፍል አንድ ጠብታ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፤ ካላሳከከ ከገላ መታጠብ በኋላ ቆዳው ገና እርጥበት ሳለ ከጆሮ ጀርባና አንገት ላይ ቀቡ። ነጠላ የምትለብሱ ከሆነ ቅባቱን ገላችሁ እስኪመጠው ቆዩ፤ ነጭ ጥጥ ላይ የወደቀ ዘይት በቀላሉ አይለቅም።