ከጠርሙስ ስባሪና ከምድጃ አመድ ግሌዝ መሥራት

ግሌዝ ሸክላ ላይ ተቀብቶ በእቶን ሲተኮስ እንደ ብርጭቆ የሚሆን ቅብ ነው። አሁን የምሠራበት ቀመር በክብደት 55 እጅ የጠርሙስ ዱቄት፣ 20 እጅ የታጠበ የባሕር ዛፍ አመድና 25 እጅ ካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር) ነው። በኤሌክትሪክ እቶን 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል።

መጀመሪያ ካኦሊኑን ትቼ 80 እጅ ጠርሙስ ከ20 እጅ አመድ ጋር ሞከርኩ። ቅቡ ወርዶ ሸክላውን ከእቶኑ መደርደሪያ ጋር አጣበቀው፤ የቀረውም እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ። የጠርሙስ ብርጭቆ ወደ 70 በመቶ ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ክፍል) እና ከ12 እስከ 15 በመቶ ሶዲየም ኦክሳይድ ሲኖረው፣ አሉሚናው (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ነው። ቅልጡን አወፍሮ በቆመ ግድግዳ ላይ የሚያቆየው ደግሞ አሉሚና ነው፤ ካኦሊን አሉሚና የበዛበት ስለሆነ የገባው ለዚህ ነው። ስንጥቁ የሶዲየም ጣጣ ነው፤ ሶዲየም የበዛበት ቅብ ሲቀዘቅዝ ከሸክላው አብልጦ ይኮማተራል። ከጠርሙሱ 10 እጅ ቀንሶ ደቃቅ ሲሊካ መተካት ስንጥቁን ያቀለዋል፣ ሙቀቱ ግን ትንሽ ከፍ ማለት አለበት።

ጠርሙሱን አጥቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰብሬ፣ በብረት ሙቀጫ ከውሃ ጋር እወቅጠዋለሁ። ደረቁን መውቀጥ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ከሙቀጫው የሚፋቀውን ብረት በማግኔት ካላወጡት ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል። በኢንች 80 ቀዳዳ ባለው ወንፊት ያላለፈው ተመልሶ ይወቀጣል። የድሮ ቴሌቪዥን መስታወትና ክሪስታል ብርጭቆ እርሳስ ስላለባቸው አይገቡም።

አመዱ ምስማርና ከሰሉ ተለቅሞ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ የላዩ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደፋል። ውሃው ቆዳ ያቃጥላልና ጓንት ግድ ነው። ከመጠን በላይ ማጠብም ጥሩ አይደለም፤ ለመቅለጥ የሚረዳው ፖታሽ አብሮ ይሄዳል። የአንዱ ምድጃ አመድ ከሌላው ይለያል፤ ስለዚህ አንድ በርሜል አጠራቅሞ፣ ደባልቆ ከዚያው መጠቀም ይሻላል።

ለ1 ኪሎ ደረቅ ድብልቅ 1 ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል። የጠርሙስ ዱቄት ሲያድር ባልዲው ሥር እንደ ድንጋይ ይጋገራል፤ በሙቅ ውሃ የሟሟ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የእንግሊዝ ጨው (ማግኒዚየም ሰልፌት) ያላቅቀዋል። በ950 ዲግሪ የተተኮሰ ሸክላ ለ3 ሰከንድ ይነከራል፣ ከግርጌው 1 ሳንቲሜትር ያህል ሳይቀባ ይቀራል። የሙከራ ቁራጮችን ሁልጊዜ በማይፈለግ የሸክላ ሳህን ላይ አስቀምጣለሁ።

የገበያ ጀበና ላይ ግን አትሞክሩት። አፈሩ የተመረጠው ለሜዳ እሳት ነው፤ 1200 ዲግሪ ላይ ሊያብጥ ወይም ሊቀልጥ ይችላል።

ለምግብ ዕቃ ከመዋሉ በፊት ቁራጭ ሎሚ ላዩ ላይ አሳድሩ። ጠዋት ቦታው ከደበዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ያ ግሌዝ ለአበባ ማስቀመጫ ብቻ ነው። ሳይለወጥ ቢቀርም የላብራቶሪ ምርመራን አይተካም።