«ሶብሬቢቢሬ»ን ልትዘፍኑ ከሆነ ግጥሙን በአማርኛ ፊደል አትጻፉ

ስፔናዊቷ ዘፋኝ ሞኒካ ናራንሆ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው «ሶብሬቢቢሬ» ስብራትና ጥንካሬ አንድ ላይ የተሸመኑበት ዘፈን ነው። ቶን ሲመረጥ የአዝማቹን ጫፍ ተመልከቱ። እኔ 2 ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) አወረድኩት፤ ከ3 ካለፈ መክፈቻው ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል። ማይኩ ለስንኙ በ15 ሴንቲ ሜትር፣ ለአዝማቹ በ30።

ጣጣው ቃሉ ላይ ነው። «በፊደል ጻፈውና ሸምድደው» የሚል አሠልጣኝ ሞልቷል፤ እኔም የተባልኩት ይኸው ነበር፣ እስካሁን ያናድደኛል። ፊደላችን ለብቻው ለቆመ ተነባቢ የተለየ ምልክት የለውም፤ ሳድሱ ሲነበብ ትንሽ አናባቢ ሾልኮ ይገባል። «ፍራኺል» በስፓኒሽ 2 ቀለም (ክፍለ ቃል) ነው፣ በእኛ አፍ ፍ-ራ-ኺል፣ 3። «ሲየምፕሬ» ደግሞ ከ2 ወደ 4 ይዘላል። በዚያ ላይ በቃላት ድንበር የሚገናኙ አናባቢዎች ይዋሃዳሉ፤ ለምሳሌ «ሚ አልማ ኤሪዳ» (የቆሰለች ነፍሴ) የሚል የስፓኒሽ ሐረግ ሲጻፍ 6፣ ሲዘፈን 4 ነው፦ ሚያል-ማኤ-ሪ-ዳ። 6 ብሎ የገባ ሰው ምቱን ሊደርስበት ይሮጣል፤ ስስ መሆን የነበረበት ስንኝ የጥድፊያ ንባብ ይሆናል።

የስቱዲዮው ባለሙያ «በሶፍትዌር አስተካክለዋለሁ» አለ። ሶፍትዌር የድምፅን ከፍታና ሰዓት ይጎትታል እንጂ ትርፍ ቀለም አያወጣም፤ ከፈልኩበት፣ ቀረጻው ግን ተጣለ።

የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ግጥሙን በላቲን ፊደል ጻፉ፣ የሚዋሃዱትን አናባቢዎች ከሥር በቅስት አያይዙ። በሜትሮኖም (በምት ቆጣሪ)፣ ከዘፈኑ ፍጥነት 70 በመቶ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ጭብጨባ እያደረጋችሁ ተናገሩት። ቀጥሎ ተነባቢዎቹን ትታችሁ አናባቢዎቹን ብቻ በዜማው አዚሙ። ቃላቱ የሚመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። «መጀመሪያ ትርጉሙን ካላጠናህ ስሜት አይመጣም» የሚለውን አልቀበልም፤ ምቱ ያልገባለት ሰው ስሜቱን የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም።

አማርኛ የሚያግዝበትም አለ። ኝ አለን፤ የስፓኒሹ ñ እሱው ነው። «በራ» ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ የሚለየውን ያወቀ ሰው የስፓኒሽን ሁለት ር ለመለየት አይቸገርም። «አበባ» ስንል ከንፈር በደንብ ሳይገጥም የሚያልፈው በ ደግሞ በ«ቢቢሬ» ውስጥ የሚፈለገው ራሱ ነው። የትዝታ ማስረቅረቅ ግን ይቅር፤ መጨረሻዋ «ሬ» ቀጥ ብላ ትያዝ።

ወደ አማርኛ መልሶ መዝፈን ሌላ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ሕግ፣ የወጣ ዘፈንን ደግሞ ለመቅዳት የሚያስችለው አስገዳጅ ፈቃድ (ባለመብቱ ሊከለክለው የማይችለው) ትርጉምን አይጨምርም። ዜማው ደግሞ ከጣሊያናዊቷ ዘፋኝ ሚና «ፊውሜ አድዙሮ» የመጣ ስለሆነ፣ የዜማውም የስፓኒሽ ግጥሙም ባለመብቶች መፍቀድ አለባቸው፤ ስቱዲዮ ከመከራየታችሁ በፊት በጽሑፍ ያዙት።