የአውቶማቲክ ካምቢዮ ግፊት፦ ዘይቱ ሳይሞቅ አትፍረዱ

ጎንደርና አዘዞ ጋራዥ ውስጥ የምንሠራ አብዛኞቻችን ሙያውን የተማርነው በማኑዋል ካምቢዮ (በእጅ በሚቀየር የማርሽ ሳጥን) ነው። ካምቢዮውን አውርደን፣ ማርሹን ገልብጠን፣ የተበላውን በዓይናችን አይተን እንፈርዳለን። አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን እንዲህ አይያዝም። ጉልበቱ ያለው በዘይት ግፊት ውስጥ ነው፤ ግፊትን ደግሞ መለኪያ እንጂ ዓይን አያየውም። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ የከባድ መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ አተኩሬ እየተማርኩ ስለሆነ፣ እስካሁን የጨበጥኩትን ለባልደረቦቼ ላካፍል።

አስቀድማችሁ የቀረበላችሁ መኪና በእርግጥ በዘይት ግፊት የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። እንደ ቮልቮ አይ-ሺፍት ያሉት ማርሹን ራሳቸው ቢቀይሩም ውስጣቸው የማኑዋል ካምቢዮ ነው፤ ደረቅ ፍሪሲዮን አላቸው፣ ማርሹን የሚገፋላቸው አየር ነው፣ የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር የላቸውም። ከዚህ በታች የምጽፈው እነሱን አይመለከትም።

ፖምፓው የሚሰጠው ፍሰት ነው። ግፊት የሚመጣው የተገፋው ዘይት መውጫ ሲያጣ ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ደግሞ ትርፉን የሚመልሰው የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው። ታች ሰፈር ቧንቧ ሲፈነዳ ዳገት ላይ ያለው ቤት ውሃ እንደሚያጣ፣ እዚህም ዘይት በአንድ ቦታ ካመለጠ ፍሪሲዮኑን፣ ማለትም ማርሹን የሚያሲዙትን ተደራራቢ ዲስኮች፣ አጥብቆ የሚይዘው ግፊት ይጎድላል። ዲስኮቹ ይንሸራተታሉ፣ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ። ዘይቱ የት እንደሚያመልጥ ሳያገኙ የተቃጠለውን ዲስክ ብቻ ቀይሮ መግጠም አዲሱንም ለቃጠሎ ማቀበል ነው። ባለንብረቱ ሁለት ጊዜ ሲከፍል ማየት ያሳዝነኛል።

አሁን አጥብቄ የምይዘው አንድ ነገር አለ፤ ግፊት በቀዝቃዛ ዘይት ተለክቶ ፍርድ አይሰጥም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ማለዳ ዘይቱ ወፍራም ነው። ወፍራም ዘይት በተበላ ፖምፓ ወይም በደረቀ የማሸጊያ ጎማ ጠርዝ በኩል በቀላሉ ስለማያመልጥ መለኪያው ጤናማ ቁጥር ያሳያል። ያው መኪና መተማ ቆላ ወርዶ፣ ጭኖ ወደ አይከል ዳገቱን ሲመለስ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ጠዋት የተሸሸገው ማምለጫም ያን ጊዜ ይገለጣል።

በዚሁ መንገድ የሚመላለስ አንድ የውሃ ቦቴ ገጥሞኝ ነበር። ሹፌሩ፣ «ጠዋት ምንም የለበትም፤ ከቆላ ስመለስ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም» አለ። ይህ አነጋገሩ ግማሹን ምርመራ ሠርቶልኛል።

መጀመሪያ የዘይቱን መጠን አየሁ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ አምራቹ የአሊሰን መመሪያ የሙቅ ዘይት መጠን የሚታየው ዘይቱ ከ71 እስከ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው ይላል፤ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ። ያነሰ ዘይት ፖምፓው አየር እንዲስብ ያደርጋል። የበዛውም ይጎዳል፤ የሚሽከረከሩት ክፍሎች እየመቱት አረፋ ስለሚሆን ግፊት አይዝም። ስለዚህ «ለጥንቃቄ» ብሎ አብዝቶ መጨመር ጥንቃቄ አይደለም። ወተት የመሰለ ዘይት ካያችሁ ከማቀዝቀዣው ውሃ ገብቷል ማለት ነው። የቦቴው ዘይት ጠቆር ብሎ ትንሽ የማረር ሽታ ነበረው፤ መጠኑ ግን ልክ ነበር።

ቀጥሎ እስከ 20 ባር የሚያነብ መለኪያ በዋናው የግፊት መውጫ ላይ አስሬ፣ ረጅሙን ቱቦ ከጭስ ማውጫውና ከሚሽከረከረው ዘንግ አርቄ ወደ ጋቢና አስገባሁት። ቱቦው ሲነካ ቢቀደድ ሙቅ ዘይት ያቃጥላል፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቀዝቃዛ እያለ ቁጥሮቹ በሙሉ በመኪናው መመሪያ ወሰን ውስጥ ነበሩ። ከጋለ በኋላ ግን በአንዳንድ ማርሾች ብቻ መርፌው ወረደ። ማርሽ ሲገባ ፍሪሲዮኑ በዘይት እስኪሞላ መርፌው ለአፍታ ዝቅ ማለቱ ጤናማ ነው፤ ይህኛው ግን ወርዶ እዚያው ቀረ።

ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ነው። ግፊቱ በሁሉም ማርሽ ከወረደ የጋራ የሆነውን ጠርጥሩ፦ የዘይት መጠን፣ ፊልትሮ፣ ፖምፓ፣ የመቆጣጠሪያው ቫልቭና ስፕሪንጉ። በተወሰኑ ማርሾች ብቻ ከወረደ የትኛው ፍሪሲዮን በየትኛው ማርሽ እንደሚሠራ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አውጡ። ለምሳሌ በአሊሰን 3000 እና 4000 ካምቢዮዎች ሲ-3 የሚባለው ፍሪሲዮን የሚሠራው በ3ኛ፣ በ5ኛ እና በኋላ ማርሽ ነው። በእነዚህ በሦስቱ ወርዶ በ2ኛ እና በ4ኛ ካልወረደ መንገዱ ወደ ሲ-3 ያመራል። የቦቴውን ሰንጠረዥ ሳስተያየው ግፊት ያጡት ማርሾች ሁሉ የሚጋሩት አንድ ፍሪሲዮን ነበር።

ካምቢዮው ወርዶ በዚያ ፍሪሲዮን የዘይት መግቢያ ቀዳዳ ቀነስ ያለ የኮምፕሬሰር አየር ስንሰጠው ዲስኮቹን የሚገፋው ፒስተን ዱብ ብሎ በመቆለፍ ፈንታ አየሩ «ሽሽሽ» እያለ አመለጠ። የፒስተኑ ማሸጊያ ጎማ ሲወጣ ለስላሳ መሆን የነበረበት ከንፈሩ እንደ ፕላስቲክ ደርቆ፣ በአንድ በኩል ጠፍጥፎ ነበር። ጎማው፣ ዲስኮቹ፣ ፊልትሮውና ዘይቱ ተቀየሩ፤ በሙቅ ዘይት እንደገና ሲለካ መርፌው በእነዚያ ማርሾችም ተመልሶ ቆመ።

መኪናው በፍሬን ተይዞ ነዳጅ በሙሉ የሚሰጥበትን ፈተና በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ከሚገባው በላይ የሆነ የሞተር ዙር የመንሸራተት ምልክት ነው፤ ዝቅ ያለ ዙር ደግሞ የደከመ ሞተርን ወይም የቶርክ ኮንቨርተር ችግርን ያመለክታል። ነገር ግን ቱርቦ የሌለው ሞተር በእኛ ከፍታ በአየር መሳሳት ጉልበት ያጣል፤ በባሕር ወለል ልክ የተጻፈውን ቁጥር ይዞ ካምቢዮውን መውቀስ አይገባም። ፈተናው ዘይቱን በፍጥነት ስለሚያግል ከጥቂት ሰከንድ አታስበልጡት።

ቀጥሎ ዘይቱን ወደየፍሪሲዮኑ ወደሚያከፋፍለው ቫልቭ ቦዲ ልገባ ነው፤ ለዚያ አቧራ የማይገባበት ጠረጴዛ እያዘጋጀሁ ነው። እስከዚያው ጤናማ መኪና በእጃችሁ ሲገባ ግፊቱን በየማርሹ ለክታችሁ፣ የዘይቱን ሙቀት አብራችሁ መዝግባችሁ ላኩልኝ። ሙቀቱ ያልተጻፈበት ቁጥር ለማነጻጸር አይጠቅመኝም።